በካንሰር ሕክምና ጠጉሩ ለሚረግፍ ሰው ስለ ራስ መሸፈኛ አመራረጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በ2017 ዓ.ም. ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ አንደኛው ስለ ጨረቃ ጉዞ፣ ሁለተኛዪቱ ስለ ዓባይ ወንዝ ተናግረው አስደስተዋችኋል። የእኔ አርእስት ግን ስለ ሻሽ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ አርእስቱን ለመምህሬ ባቀረብሁ ጊዜም «ወንድ ልጅ ስለ ሻሽ ምን ያውቃል?» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። እስከ ጥር ወር 2016 ዓ.ም. ድረስ ስለ ሻሽ የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። በዚያ ወር እናቴ በጡት ካንሰር መታመሟ ታወቀና ሕክምና ጀመረች። ከዚያ ወዲህ የትኛው ጨርቅ እንደሚንሸራተት፣ የትኛው ስፌት ቆዳ እንደሚያቆስል፣ ሻሽ ከቅንድብ በላይ ስንት ጣት ያህል ርቆ እንደሚታሰር ተምሬአለሁ። ይህንንም የተማርሁት ብዙ ከተሳሳትሁ በኋላ ነው። ከስሕተቶቼም ትልቁ በዚሁ ግቢ የተፈጸመ ስለ ሆነ፣ በዚሁ ግቢ ልናገረው ይገባኛል ብዬ አሰብሁ። እናቴን አስፈቅጃታለሁ፤ «ተናገር፤ ብቻ ሰዎቹን እንዳታስለቅስ» ብላኛለች።

በመጀመሪያ ጠጉር ስለምን እንደሚረግፍ ላስረዳ። ብዙ ሰው ጠጉርን የሚያረግፈው በሽታው ራሱ ይመስለዋል፤ በዚህም ምክንያት ጠጉሩ የረገፈውን ሰው ሲያይ «ብሶበታል» ብሎ ይፈርዳል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ካንሰር ማለት የሰውነት ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ትተው ያለ ልክ ሲባዙ የሚመጣ በሽታ ነው። ኪሞቴራፒ የሚባለውም መድኃኒት ፈጥነው የሚባዙትን ሕዋሳት እየተከታተለ ይገድላል፤ ዳሩ ግን ጠላትንና ወዳጅን አጣርቶ መለየት አይችልም። በሰውነታችን ውስጥ ያለ በሽታም ቢሆን እጅግ ፈጥነው ከሚባዙት ሕዋሳት መካከል የጠጉር ሥር ሕዋሳት ይገኛሉ። በራሳችን ላይ ያለው ጠጉር በቍጥር ወደ 100,000 ይጠጋል፤ ከዚህም ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኝ እጁ ያህል ሁልጊዜ በማደግ ላይ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲመጣ ያገኘዋል። ጠጉር መርገፉ እንግዲህ በሽታው ለመክፋቱ ምልክት አይደለም፤ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ መሥራቱን ያሳያል እንጂ። (የማይረግፍበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱ አልሠራለትም ማለት እንዳልሆነ ሐኪሙ አጥብቀው ነግረውናል።)

መድኃኒቱም ሁሉ አንድ አይደለም። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ ከጣሊያን አገር አፈር ከተገኘ ረቂቅ ተሕዋስ የመጣ ነው። ፓክሊታክሰል የሚባለው ደግሞ መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። እነዚህ ሁለቱ የራስን ጠጉር ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ቅንድብንና ሽፋሽፍትንም ያረግፋሉ። ሌሎች መድኃኒቶች ግን ጠጉሩን የሚያሳሱት ብቻ ናቸው፤ ጭራሹን የማይነኩትም አሉ። የጨረር ሕክምና ደግሞ የሚያረግፈው ጨረሩ ያረፈበትን ቦታ ጠጉር ነው፤ ደረቱን የታከመ ሰው በዚህ ምክንያት የራሱ ጠጉር አይረግፍም። ስለዚህ ሻሽም ሆነ ቆብ ከመገዛቱ በፊት ሐኪሙን «የሚሰጠኝ መድኃኒት የትኛው ነው? ጠጉሬንስ ምን ያደርገዋል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። እኛ ሳንጠይቅ ስለ ቀረን፣ ነገሩ በድንገት ደረሰብን።

ጠጉር መርገፍ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው መድኃኒት ከተሰጠ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የእናቴ ጠጉር ረጅም ነበር፤ ለጥምቀት በዓል ብላ ሹሩባ ተሠርታው ነበር። በሆስፒታሉ ያሉት ሲስተር «ከመርገፉ በፊት አሳጥሪው፤ አጭር ጠጉር ሲረግፍ ልብን እንደ ረጅሙ አይሰብርም» ብለዋት ነበር፤ እርሷ ግን እንቢ አለች። በ17ኛው ቀን ማለዳ ከእንቅልፏ ስትነሣ ሁለት የሹሩባ ዘለላ ከነሥሩ በትራሷ ላይ ቀርቶ ተገኘ። እኔን ጠራችኝና «ጨርሰው» አለችኝ። ከጎረቤታችን ጠጉር ቆራጭ ቶንዶዝ ተውሼ መጣሁ። ምላጭ ያላመጣሁት ሲስተር ስለ ከለከሉን ነው፤ መድኃኒቱ በሽታን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሚቀንስ፣ ትንሿ የምላጭ ጭረት እንኳ ለበሽታ በር ትከፍታለች። ጠጉሩን ቆርጬ ስጨርስ እናቴ መስታወት አንሥታ ራሷን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና «ይህን ራስ ዐውቀዋለሁ» አለች።

ምን ማለቷ እንደ ሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው። አባታችን ባረፈ ጊዜ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ እናቴ እንደ አገራችን የቆየ ልማድ ጠጉሯን ተቆርጣ ነበር። ወላጆቼ እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ ራሷን የተላጨች ሴት ወይ መነኵሲት ናት፣ ወይ ኀዘንተኛ ናት። እናቴ በዚያ ማለዳ በእጇ የነበራት ሻሽ ከአባቴ ኀዘን የቀረው ጥቁር ሻሽ ብቻ ነበር። እርሱን አስራ፣ በላዩ ነጠላዋን ተከናንባ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ከሱቅ ሳትመለስ ወሬው መንደሩን አዳረሰው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሦስት የዕድር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችን ላይ ቆሙ፤ አንደኛዋም ገና ከደጅ ሳሉ «ምነው ሳትነግሩን? ማን ሞተ?» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። እናቴም «ማንም አልሞተም፤ ጠጉሬ ነው የሞተው» ብላ ብትመልስላቸው ሴቶቹ ደነገጡ፤ በኋላ ግን አራቱም ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ሲሥቁ ዋሉ። እርሷ ያለቀሰችው ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር ሻሽ ከቤታችን ወጣ። ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ለሣቅ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ የተጻፉ መጻሕፍት ስለ ራስ መሸፈኛ ሲመክሩ የፊትን መልክ የሚያደምቅ ቀለም ምረጡ ይላሉ፤ በእኛ አገር ግን ቀለም ንግግር ነው። ጥቁሩ ሻሽ «ሰው ሞቶብኛል» ይላል፤ የነጠላውም አጣፋት እንዲሁ ይናገራል። ስለዚህ በሽተኛዪቱ ራሷን የምትሸፍንበትን ከመምረጧ በፊት መንደሩ ምን ብሎ እንደሚያነበው ማሰብ አለባት። እናቴ ከዚያ በኋላ ነጭ፣ ውሃ ሰማያዊና የአደይ አበባ መልክ ያለው ቢጫ ሻሽ ብቻ ታስር ነበር።

አሁን ወደ እኔ ስሕተት ልምጣ። አጎቶቼ እናቴን ደስ ለማሰኘት ገንዘብ አዋጥተው ዊግ ይገዛላት አሉ፤ የመግዛቱንም ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ተደሰትሁ። የተደሰትሁበት ምክንያት ግን ለእናቴ አዝኜ ብቻ አልነበረም። በግንቦት ወር የወላጆች ቀን ይከበር ነበርና፣ እናቴ በጓደኞቼ ፊት እንደ ቀድሞዋ ሆና እንድትታይልኝ ፈለግሁ። ወደ ሱቅ ስሄድ እርሷን አልወሰድኋትም፤ የራሷንም ዙሪያ አልለካሁም። ባለ ሱቁ «ለማንኛውም ሰው ይሆናል» ብሎኝ እስከ ትከሻ የሚደርስ ጥቁር ዊግ ሸጠልኝ። ቤት አምጥቼ ብናደርግላት ጠበባት፤ ብመልሰው ደግሞ ባለ ሱቁ አልቀበልም አለኝ።

ዊግ ለመግዛት ለምትፈልጉ ያኔ የማላውቀውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ በመለኪያ ሜትር ከግንባር የጠጉር መነሻ ጀምሮ፣ ከጆሮ በላይ አልፎ፣ በማጅራት ዞሮ እስከ ግንባር ይለካል፤ የብዙ ሴቶች ልክ ከ54 እስከ 57 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጠጉር ከረገፈ በኋላ ልኩ ስለሚቀንስ፣ ከውስጡ ማጥበቂያና ማላያ ያለው ይመረጣል። ዊጉ ራቁቱን በቆዳ ላይ ሲያርፍ ስለሚያሳክክ ከሥሩ ቀጭን የጥጥ ቆብ ያስፈልገዋል። ከሁሉም በላይ ግን የአብዛኛው ዊግ ጠጉር የሚሠራው እንደ ናይለን ካለ ነገር ስለ ሆነ እሳት አይወድም። በባዕድ አገር የምትኖር ሴት የምድጃዋን በር ስትከፍት ተጠንቀቂ ትባላለች፤ የእኛን አገር ሴት ግን ማን ይንገራት? እናቴ ዊጉን አድርጋ እንጀራ ልትጋግር ከምጣድ ፊት ቆመች። አክንባሎውን ስታነሣ እንፋሎቱ ግንባሯን መታው፤ የፊተኛውም ጠጉር ተኰማትሮ እንደ በግ ፀጉር ሆነ። ቡና ለማፍላት ከከሰል ፊት ብትቀመጥም ያው ነው። ከሰው ጠጉር የተሠራ ዊግ ሙቀት ይችላል፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው። እንግዲህ እንጀራ የምትጋግርና ቡና የምታፈላ ሴት በቤቷ ውስጥ ዊግ ማድረግ አይሆንላትም። እናቴ ያንን ዊግ ለአንድ ሠርግ ብቻ አደረገችው፤ እዚያም ሁለት እጇን ከጆሮዋ ሳታወርድ ዋለች። ከዚያ በኋላ ዊጉ በካርቶን ሆኖ ከቁም ሣጥን ላይ ወጣ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። በዋዜማው ማታ እናቴ ነጩን ሻሽ ስትተኵስ አየኋትና «እማዬ፣ ዊጉን አታደርጊውም?» አልኋት። «ይጠበኛል ልጄ» አለችኝ። እኔም «እንግዲያውስ ባትመጪም ግድ የለም፤ ፀሐዩ ይጎዳሻል» አልኋት። ፀሐዩ ምክንያት እንደ ሆነ እርሷም ታውቃለች፣ እኔም ዐውቃለሁ። ጥቂት ዝም ብላ «እሺ» አለች። በማግስቱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በሒሳብ ትምህርት ሽልማት ስቀበል ወላጆቻችሁ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡልን፤ የእኔ ወላጅ አልነበረችም። ወደ ቤት ስገባ ሻሹ እንደ ተተኰሰ በአልጋዋ ራስጌ ታጥፎ ተቀምጧል። እርሷም የተሸለምሁትን መጽሐፍ ተቀብላ አገላበጠችና «ስዕልም አለበት» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ክቡራን ሆይ፣ በዚያ ሌሊት ስገላበጥ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ዊጉን የመረጥሁት ለእርሷ ራስ ሳይሆን ለእኔ ዐይን ነበር። ራሱ የእርሷ ነው፤ የሚያሳክከው፣ የሚበርደው፣ የሚሞቀውም እርሷን ነው። መራጩ ግን እኔ ሆንሁ።

ትክክለኛውን ትምህርት ያገኘነው ካላሰብነው ሰው ነው። በግቢያችን ጀርባ አንዲት እማሆይ ይኖራሉ። እናቴን ሊጠይቁ መጥተው ስለ ሕመሙ ከተጨዋወቱ በኋላ «ለመሆኑ ሌሊት ምን ታደርጊበታለሽ?» ብለው ጠየቋት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሌሊቱን ያሰበው ማንም አልነበረም። ሐኪሞቹ ስለ መድኃኒቱ፣ ዘመዶቻችን ስለ መልኳ፣ እኔም ስለ ወላጆች ቀን ስናስብ፣ እናቴ ራሷን በጋቢ ጠቅልላ በብርድ ታድር ኖሯል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቷ ይበርዳል፣ የቀትር ፀሐይዋም ጠጉር የሌለውን ቆዳ ፈጥኖ ያቃጥላል። እማሆይ ራሳቸውን ተላጭተው ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረዋልና ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። «ቆቤን ልሰጥሽ አልችልም፤ የምንኵስና ነው። ከቆቤ ሥር የማደርገውን ግን አሳይሻለሁ» አሏት።

ያሳዩአትም ከአሮጌ ነጠላ የተሰፋ ትንሽ ክብ ነገር ነበር። ምስጢሩ በሦስት ነገር ነው አሉ። ጨርቁ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ይሁን፤ አዲስ ጥጥ ይሻክራል። ስፌቱ ወደ ውጭ ይዙር፤ በውስጥ ያለ ስፌት ተኝተው ሲያድሩበት ቆዳውን ይቈረቍራል፤ ጠጉሩ የረገፈበት ቆዳ ደግሞ እንደ ሕፃን ቆዳ ስስ ነው። ላስቲኩም እንዳይጠብቅ፤ ግንባር ላይ ምልክት የሚተው ከሆነ ይፈታ። እኔ አራተኛ ጨምሬበታለሁ፤ ይኸውም ቆቡ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት፤ ስለ ነጭ የደም ሕዋሳት የነገርኋችሁን አስታውሱ። ስለዚህ እናቴ አንዱ ሲታጠብ አንዱን የምታደርገው፣ አንዱን በቦርሳዋ የምትይዘው ሦስት ቆብ አሰፋች። ጨርቁን ከሽሮ ሜዳ እንግዛ ብዬ ነበር፤ እማሆይ ግን «አዲስ ጨርቅ ምን ይሠራል? አሮጌ ነጠላ የሌለው ቤት አለ?» ብለው ተቈጡኝ።

ይህ የውስጥ ቆብ ከተገኘ በኋላ የሻሹ ነገር ቀለለ። ቀድሞ ሻሹ ይንሸራተትባት የነበረው ጠጉር ስለሌለ የሚይዘው በማጣቱ ነው። ሐርና ናይለን ይበልጥ ይንሸራተታሉ፤ ናይለኑ ደግሞ ያልባል። ከጥጡ ቆብ በላይ የታሰረ የጥጥ ሻሽ ግን ጥጥ ጥጥን ይዞ ይውላል። የሻሹ ስፋት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል ቢሆን መልካም ነው፤ ከዚያ ያነሰው ማጅራትን አይሸፍንም። በሰያፍ ታጥፎ እጥፋቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ ኋላ ተወስደው በሦስተኛው ጫፍ ላይ ይታሰራሉ፤ የተረፈውም ወደ ውስጥ ይሸጐጣል። የራስን ቅርጽ እንደ ጠጉር ሞላ ለማድረግ ከሻሹ ሥር የታጠፈ ጨርቅ፣ ወይም ከአሮጌ ኮት ትከሻ የወጣ ስፖንጅ ማድረግ ይቻላል። ይህን ያስተማረችን እናቴ በሆስፒታሉ ያገኘቻት አንዲት የልብስ ሰፊ ሚስት ናት።

ስለዚያ የሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ጥቂት ልናገር። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፣ የካንሰር በሽተኛ ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ መጕረፍ የለመደ ነው፤ ዛሬ በሌሎች ከተሞችም ሕክምናው ቢጀመር አዲስ አበባ የሚመጣው አሁንም ብዙ ነው። እናቴ ተራዋን በምትጠብቅበት ወንበር ላይ ከጎጃም የመጣች ገበሬ ጋቢዋን እንደ ነጠላ ተከናንባ፣ ከሐረር የመጣች ነጋዴ በሂጃብ፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛ በሹራብ ቆብ፣ አንዲት ወጣት ደግሞ ራቁት ራሷን ተቀምጠው አይቻለሁ። ሂጃብ የምታደርገውን አንደኛዋ «አንቺስ ዕድለኛ ነሽ፤ ማንም አያውቅብሽም» ስትላት፣ «እቤቴ ግን እገልጠዋለሁኮ፤ ልጆቼ ያያሉ» ብላ መለሰችላት። እኔ እስከዚያ ድረስ የሚያስቸግረው የመንደር ዐይን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ራሷን ያልሸፈነችው ወጣት ደግሞ ሁሉም እየተነሣ ሻሽ ሲያቀርብላት «ይሞቀኛል» እያለች መለሰችው። እርሷም መርጣለች፤ አለመሸፈንም ምርጫ ነው። የጠየቀችው ነገር ቢኖር ለፀሐይ ጃንጥላ ነበር።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ተረት እየጠቀሰ በሽተኛው ራሱን ገልጦ በአደባባይ እንዲታይ ይመክራል። ተረቱ ለሐኪም ንገር ይላል እንጂ ለመንደሩ ሁሉ ንገር አይልም። ሌላው ወገን ደግሞ እንደ እኔ «ሸፍኚው፣ ሰው አይይሽ» ይላል። ሁለቱም ባልተጠየቁት ነገር ይፈርዳሉ።

በሠለጠኑት አገሮች መድኃኒቱ በሚሰጥበት ሰዓት የራስን ቆዳ የሚያቀዘቅዝ ቆብ መኖሩንም ልጥቀስ። ቅዝቃዜው የደም ሥሮቹን ስለሚያጠብ ወደ ጠጉሩ ሥር የሚደርሰው መድኃኒት ይቀንሳል። በአሜሪካ አገር ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈቀደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ነው። ጠጉርን ለአንዳንዱ ሰው ያተርፋል፣ ለአንዳንዱ አያተርፍም፤ ለማንኛውም እኛ ያገኘነው የእማሆይን ቆብ ነው።

እናቴ በመጨረሻ ለራሷ የመረጠችውን ብነግራችሁ ደስ ይላችኋል። በክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዳግማዊ ምኒልክን ፎቶግራፍ ሁላችሁም አይታችኋል፤ ንጉሡ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ ሸብ አድርገው በላዩ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተዋል። እናቴ ከታናሽ እኅቴ የታሪክ መጽሐፍ ይህንኑ ስዕል አይታ «ይኸውልህ!» አለች። ከውስጥ የእማሆይን ቆብ፣ በመካከል ነጩን ሻሽ፣ ከላይ አጎቴ ከዝዋይ ያመጣላትን የሰሌን ባርኔጣ አድርጋ ወጣች። ከውስጥ ያለው ለቆዳው፣ የመካከለኛው ለመያዣ፣ የላይኛው ለፀሐይ ነው። ሰዎች ዘወር ብለው ሲያዩአት «ለዐፄ ምኒልክ ያልከበደ ለእኔ ምን ይከብደኛል?» ትል ነበር። እኔ በሺህ ዓመት እንኳ ልመርጥላት አልችልም ነበር። ነገር ግን በሰኔ ወር አብሬያት በመንገድ ስሄድ አላፈርሁም፤ ወይም ጥቂት ብቻ አፈርሁ፤ እውነቱን መናገር ይሻላል።

ስለ ወንዶች ብዙ የምለው የለኝም። ራሱን የተላጨ ወንድ በከተማችን ሞልቷል፤ ማንም አያስተውለውም። ቅንድቡ የረገፈ እንደ ሆነ ግን የፊቱ መልክ ስለሚለወጥ ጥላው ወደ ግንባር የሚወርድ ኮፍያ ይረዳዋል። ይልቁንስ ስለ ልጆች ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ልመና አለኝ። ካንሰር ልጆችንም ይይዛል፤ ከሁሉም የሚበዛው የደም ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹም ታክመው ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ኮፍያ አድርጎ ወደ ክፍል መግባት የተከለከለ ነው። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሕክምና የተመለሰች አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ በመላው ክፍል ፊት «ቆብሽን አውልቂ» እንዳትባል፣ ይህን ያህል ቀዳዳ በሥርዓቱ ውስጥ ቢተውላት ምን ይጎድላል? ወላጅም አስቀድሞ ለክፍሉ ኃላፊ ቢነግር፣ ልጅቱ ራሷ ማስረዳት አያስፈልጋትም። ጓደኞቿም ቆቡን በጨዋታ እንዳይነጥቋት መነገር አለባቸው፤ ይህን ስል በሦስተኛ ክፍል ሳለን የማንን ኮፍያ ስንነጥቅ እንደ ነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ።

የእናቴ መድኃኒት የተፈጸመው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ጠጉር ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው መድኃኒት በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መብቀል ይጀምራል፤ የእርሷም በጳጕሜን እንደ ጤፍ ቡቃያ ብቅ አለ። በመጀመሪያ ሽበት ሆኖ፣ ከዚያም እንደ ሕፃን ጠጉር ተጠቅልሎ በቀለ፤ ይህ በብዙ ሰው ላይ እንደሚታይ ሲስተር ነግረውናል። ዛሬ ጠጉሯ ጣት ያህል ሆኗል። ሻሽ ማሰሩን ግን ጨርሳ አልተወችም፤ ስትፈልግ ታስራለች፣ ስትፈልግ ትተወዋለች። ዛሬ ጧት ከቤት ስንወጣ ምን እንደምታደርግ አልጠየቅኋትም። አሁን ከመስኮቱ አጠገብ በአራተኛው ረድፍ ተቀምጣለች።

ዊጉ እስካሁን ከቁም ሣጥን ላይ ነው፤ ራሷ አነስ ያለች ሰው ከተገኘች እናቴ ትሰጣለች። የውስጥ ቆቡን በተመለከተ ደግሞ የቤት አያያዝ መምህርታችን ልክና ቅዱን በወረቀት ቆርጠው አዘጋጅተዋል። ከአንድ አሮጌ ነጠላ አራት ቆብ ይወጣል። ነጠላ ወይም ብዙ የታጠበ የጥጥ አንሶላ ያላችሁ ወላጆች አጥባችሁ በልጆቻችሁ እጅ እስከ ዓርብ ድረስ ብትልኩልን፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ቅዳሜ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በስፌት ክፍል እንሰፋለን። ስፌቱ ወደ ውጭ ነው።